ፍየል የቀደመችኝ አግዳሚ

ባለቤቴ ሰይድ፣ አላህ ይርሀመውና፣ ሲሞት ሶፋችንም አብሮት ሞተ። ይህን የምለው ለማጋነን አይደለም፤ ማጋነኑ ወደ ኋላ ይመጣል። ለተዕዚያ፣ ሀዘን ሊደርስ የመጣው ሰው ለሦስት ሰው በተሠራው ሶፋ ላይ በአምስት በስድስት እየሆነ ተቀመጠበት። ሶፋው ሀዘናችንን አይቶ ታገሠ። በመጨረሻ ግን የሰይድ አክስት ከደሴ ደረሱ። እሳቸው ደግሞ ሲያለቅሱ በመላ አካላቸው ነው። ብድግ ብለው "ወይኔ ሰይዶ!" አሉና መልሰው ሲቀመጡ ከሥር "ቀው!" የሚል ድምፅ ተሰማ። ለቀስተኛው በሙሉ ወደ መሀል ተንሸራተተ። ሰው እንደዚያ ተቃቅፎ ያለቀሰበት ተዕዚያ በከተማችን በአዋሽ ታይቶ አይታወቅም። እኔም ሳቄን በሻሼ ጫፍ አፈንኩት። ያየችኝ ጎረቤት ሲቃ መስሏት ውሃ አመጣችልኝ።

ሶፋውን ከጅቡቲ ጭኖ ያመጣው ሰይድ ራሱ ነበር። የከባድ መኪና ሾፌር ነበርና ቤታችን ውስጥ በመርከብ ያልመጣ ዕቃ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሶፋው ባለ ከፋይ ጨርቅ ነው። ያውም በአዋሽ ሙቀት ከፋይ! እንግዳ ሲነሳ ሶፋው አብሮት ሊነሳ ይቃጣዋል። "እንግዳን ይዞ የሚያቆይ ዕቃ የት ይገኛል?" ይል ነበር ሰይድ።

ስብርባሪውን ካወጣሁ በኋላ ቤቴ ሰፋ። በጣም ሰፋ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሕፃናትን "ተቀመጡ!" ስል የኖርኩ አስተማሪ ነኝ፤ ጡረታ ወጥቼ ለአንድ እንግዳ እንኳ "ተቀመጥ" የምልበት ነገር አጣሁ። ሊጠይቀኝ የሚመጣ ሰው በሩ ላይ ይቆማል፣ ግራ ቀኝ ያያል፣ "እንግዲህ አብሽሪ" ይላል፣ ይሄዳል። ሰውም ቀስ በቀስ መምጣት ተወ። እኔም ቁርሴንም ምሳዬንም መስኮቱን ተደግፌ በቁሜ እየበላሁ ከፈረሶች ወገን ሆንኩ።

ሰመራ የምትኖረው ልጄ ሀያት ይህን ያወቀችው በስልክ ነው። ምሳ እየበላሁ ደውላ "ተቀምጠሻል እማ?" አለችኝ። "ለምን እቀመጣለሁ?" አልኳት።

"እማ፣ ለአረፋ እመጣለሁ" አለች። "ሰው ተቀምጦ የሚጫወትበት ቤት ካገኘሁ እሰየው። ካላገኘሁ ጠቅልዬ ሰመራ ወስጄሽ እኔ ጋ ትኖሪያለሽ።"

ሰመራን አልጠላም። ጥላ በወር ደመወዝ ተቀጥሮ የሚመጣበት የሚመስል ከተማ ቢሆንም አልጠላውም። ግን ሀያት ሥራዋ መስክ ለመስክ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከአየር ማቀዝቀዣ ጋር ምን አወራለሁ? ደግሞስ ሰይድ የተቀበረው አዋሽ ነው። ዕድሜውን ሙሉ መንገድ ለመንገድ ሲንከራተት እኔ ቤት ሆኜ ጠበቅኩት፤ አሁን እሱ አንድ ቦታ ቢረጋ እኔ መንገድ ልጀምር? ስለዚህ "መቀመጫ እገዛለሁ!" ብዬ ማልኩ።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ለሌላ ሰው ቀላል ነው። የእኔ ልጅ ግን የተማረችው አካባቢ ጥበቃ ነው።

"የፕላስቲክ ወንበር ልግዛ" አልኳት።

"ፕላስቲክ! እማ፣ አንቺ አልፈሽ የልጅ ልጅሽ አልፎ እሱ እኮ አያልፍም!"

"ጥሩ አይደል እንዴ? ዘላቂ ዕቃ ነዋ።"

ፕላስቲክ ቀረ። ቺፕውድ በኮላው ምክንያት ቀረ። ዝግባና ወይራ ደኑ እያለቀ ነው ተብሎ ቀረ። ስፖንጅ ከምን እንደሚሠራ ስትነግረኝ ለሰይድ ሶፋ ሳይቀር አፈርኩለት። ብረትስ ብላት፣ አዋሽ ላይ በቀትር ብረት ላይ የሚቀመጥ ሰው መጥበሻ ላይ ከተቀመጠ በምን ይለያል? "እንግዲያው መሬት ላይ ሰሌን ልዘርጋ" ብል "ጉልበትሽስ?" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እኔ መሬት ከተቀመጥኩ የሚያስነሳኝ ኮሚቴ ያስፈልጋል።

በመጨረሻ ሀያት ራሷ መላ አገኘች። ፕሮሶፒስ የሚሉትን እሾሃም ዛፍ አፋር የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። በረሃውን ያለማል፣ ጥላ ይሰጣል ተብሎ በእንግድነት መጣ፤ ከዚያ ግጦሹንም የወንዙንም ዳር ያዘና ባለቤቱን አስወጣ። ጥሩ እንግዳ እንኳ ሲቆይ ይከብዳል፣ ይሄ ደግሞ እሾህ አለው። "እሱን ቆርጦ የቤት ዕቃ የሚሠራ አናጢ ሰመራ ላይ አለ። እማ፣ እሱ ላይ በተቀመጥሽ ቁጥር ለአካባቢው ውለታ ትውያለሽ!" አለችኝ። ተቀምጦ ውለታ መዋል ለጡረተኛ ከዚህ የተሻለ ሥራ ከየት ይመጣል? ሰመራ ሄድኩ።

አናጢው እንጨቱን ከመላግ ይልቅ ማስተዋወቅ የሚወድ ወጣት ነው። መጀመሪያ ሦስት እግር ያለው ወንበር አቀረበልኝ። "አራተኛውን የተውኩት እንጨት ለመቆጠብ ነው እናቴ።" ተቀመጥኩ፤ ወንበሩ ወደ ቀረው እግር አቅጣጫ ይዞኝ ሄደ። ሁለተኛው ላይ ተቀመጥኩና ወዲያው ከተቀመጥኩበት ፍጥነት በእጥፍ ተነሳሁ።

"እሾህ አለው!"

"ተፈጥሮነቱን እንዳያጣ ብዬ ትንሽ ትቼለት ነው" አለ ሳያፍር።

"ልጄ፣ የእኔንስ ተፈጥሮ ማን አሰበለት?"

ሀያት ከጎኔ በሳቅ ሞተች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ስትስቅ አየኋትና ሌላ እሾህ ላይ ብቀመጥ ምን አለበት ብዬ ነበር፤ እውነቴን ነው። ሦስተኛው ግን አግዳሚ ነበር። ቀይ ቡናማ እንጨት፣ ሰፊ፣ መደገፊያ ያለው። አናጢው ድምፁን ከፍ አድርጎ "ሦስት ሰው ይቀመጥባታል፣ ሁለት ሰው ይተኛባታል፣ አንድ ሰው ግን አያነሳትም" አለ። በላዩ ትልልቅ ትራሶች ተደርድረዋል። ስቀመጥባቸው ውስጣቸው ይንኮሻኮሻል።

"ምንድን ነው የሞላህበት?"

"መቶ በመቶ ተፈጥሮ" አለና ዓይኑን ጨፈን አደረገ። "ድምፁ በነፃ ነው።"

ሀያት አግዳሚውን አንኳኳች፣ ከሥር አየች፣ አመሰገነች። ትራሱን ግን ገልጣ አላየችም። ዩኒቨርሲቲ ስለ ትራስ አያስተምርም መሰለኝ።

በማግስቱ ጠዋት አግዳሚዬ ከነትራሶቹ ከአፍዴራ ጨው ጭኖ በሚመጣ መኪና፣ ከጨው ጆንያው አናት ላይ በገመድ ታሰረ። ሾፌሩ ተክሌ ይባላል፤ አፉ የማያርፍ የአዳማ ልጅ ነው። ሀያት መስክ ነበረባትና አልመጣችም። "ለአረፋ እንገናኝ" ብላ ስትስመኝ፣ ቤቱን ልታይ ሳይሆን ልትፈርድ እንደምትመጣ ገባኝ።

ሚሌ መገንጠያው ላይ አንድ ሽማግሌ አፋር ዱላቸውን ከፍ አድርገው መኪናችንን አስቆሙ። ሁመድ ይባላሉ። ገብተው ከጎኔ ተቀመጡ፣ ሰላምታ ተለዋወጥን፣ ከዚያ ዱላቸውን ጉልበታቸው መሀል አቁመው ወደ እኔ ዞሩ።

"ምን አየሽ? ምን ሰማሽ?" አሉኝ።

ይሄ ዳጉ ነው። አፋር ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ሳይሰጥ አይለያይም። ዝናብ የት ጣለ፣ ማን ሞተ፣ የማን ግመል ጠፋች፣ ሁሉም ይነገራል። መጨመርም መቀነስም ነውር ነው። እኛ ከወሎ የመጣነው ደግሞ ወሬ ስንቀበል በርበሬ ሳንጨምርበት አናሳልፍም፤ የሁለታችን ልዩነት ይህ ነው።

"አልሀምዱሊላህ፣ ሰላም ነው" አልኳቸው።

"ሰላም ሰላምታ ነው። ወሬ ስጪ።"

እኔም ቀስ ብዬ ጀመርኩ። ከሰመራ እንደመጣሁ፣ አግዳሚ እንደገዛሁ ነገርኳቸው። "ለምን ገዛሽ?" አሉ። ሶፋው እንደተሰበረ ነገርኳቸው። "ለምን ተሰበረ?" አሉ። እንዲህ እየሆነ አንዱ ሌላውን እየሳበ ሄደ። ለልጄ በስልክ "ደህና ነኝ" እያልኩ የደበቅኩትን ሁሉ፣ የሚመጣ ሰው በር ላይ ቆሞ እንደሚመለስ፣ በቁሜ እንደምበላ፣ ሰው የሚቀመጥበት ቤት ከሌለኝ ልጄ ከሰይድ መቃብር አርቃ ልትወስደኝ እንደሆነ፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው።

ሁመድ "አይዞሽ" አላሉኝም። ጠየቁኝ።

"ይሄ ወንበር ቤት ገባ እንበል። ማን ይቀመጥበታል?"

ይህን ሁሉ መንገድ ስመጣ ስለ እንጨቱ እንጂ ስለ ተቀማጩ አላሰብኩም ነበር።

"እኔ እንጃ አባቴ" አልኳቸው።

አንገታቸውን ነቀነቁ። አዳይቱ ስንደርስ አመስግነው ወረዱና ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ሄዱ።

ተክሌ ጎማ ላሳይ ብሎ መኪናውን ከአንድ የአፈር ቁልል ሥር አቆመ። ሻይ አዘዝን። ሻዩ ገና ሳይበርድ ተክሌ ብርጭቆውን አስቀምጦ ጮኸ።

"ማዘር! ሶፋሽን ፍየል በላው!"

"ሶፋ አይደለም፤ አግዳሚ ነው" አልኩት። አስተማሪነት ክፉ በሽታ ነው፤ ቤትህ እየተቃጠለም "እሳት" የሚለውን ቃል ያሳርምሃል። ከዚያ ዞሬ አየሁ። የአዳይቱ ፍየል በሙሉ በአፈሩ ቁልል ወጥቶ መኪናው ላይ ሰፍሯል። ያ አናጢ ጥጥ ሲያልቅበት ትራሶቹን የሞላቸው በዚያው በፕሮሶፒስ ደረቅ ፍሬ ኖሯል! ፍየል ደግሞ ለዚያ ጣፋጭ ፍሬ እናቷን ትሸጣለች። ከሥር ጨው፣ ከላይ ጣፋጭ። ፍየሎቹ ከዚያ ወዲህ ሰርግ ላይ ቢጠሩ የሚሄዱ አይመስለኝም።

ተክሌ በነጠላ ጫማው፣ እኔ በጃንጥላዬ ዘመትን። ከኋላ ስናባርር ከፊት ይመለሳሉ። ተክሌ አንዷን ቀንዷን ይዞ ሲያወርድ ሁለት በጀርባው አልፈው ወጡ። በመሀሉ አንዲት ነጭ ፍየል ማንም ሳይነካት አግዳሚው መሀል ላይ ተደላድላ ተቀምጣ፣ መደገፊያውን ተደግፋ ታመሰኳለች። ዓይን ለዓይን ተያየን። ባለቤቱ እኔ፣ የምትቀመጠው እሷ፣ የቆምኩት አሁንም እኔ! "ቢስሚላህ፣ ተጫወቺ" አልኳት። መንገድ ላይ ቆሜ እስኪያመኝ ሳቅኩ። ተክሌ "ማዘር፣ ደህና ነሽ?" እያለ በእጄ ያለውን ጃንጥላ ቀስ ብሎ ተቀበለኝ።

ለሀያት ደወልኩ። ያዝናናታል ብዬ ነበር።

"ፍሬውን በሉት?!" ብላ ጮኸች። "እማ፣ እኮ ዛፉ የሚዛመተው እንደዚያ ነው! ፍየል ይበላል፣ ዘሩ በፋንድያው ይወጣል፣ በሄደበት ይበቅላል! ማጥፊያ ያጣንለትን ዛፍ በአዳይቱ ዘራሽው ማለት ነው!"

"እኔ ምን አደረግኩ? የዘሩት ፍየሎቹ ናቸው።"

"አስተማሪ ሆነሽ እንዲህ ትያለሽ?"

"ጡረተኛ ነኝ" አልኳትና ዘጋሁት። አካባቢን የማይጎዳ ዕቃ መርጬ ለአካባቢው ጠላቱን በስጦታ አከፋፈልኩ። ከዚያ ወዲያ ያየሁትን ፋንድያ ሁሉ በጥርጣሬ አየው ጀመር።

ገዋኔን ካለፍን በኋላ ደግሞ ኬላ ላይ ያለ ፈታሽ ገመዱን ዘረጋብን። "እንጨት ነው የጫናችሁት። ፈቃድ አላችሁ?"

"ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ቁረጡት፣ አጥፉት የሚባለው ዛፍ ነው" አልኩት።

"ዛፉ ጠላት ነው" አለ ፈታሹ በኩራት። "እንጨቱ ግን እንጨት ነው።"

ለዚህ መልስ ያለው ይምጣ። ከዚያ "እስኪ ልመርምረው" ብሎ ጆንያዎቹን ተንጠላጥሎ ወጣና አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ነካካው። ተደገፈ። እግሩን ሰቀለ። ትራስ ሳይኖረው እንኳ እንዴት እንደሚያስተኛ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው፤ ሲያንኮራፋ እስከ ታች ይሰማ ነበር። ተክሌ "ልቀስቅሰው?" ቢለኝ "ተው፣ የሰው ሥራ አታስፈታ" አልኩት። ሲነቃ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። "ችግር የለበትም" ብሎ አሳለፈን፤ ለማን እንዳለ ግን እንጃ። በመሸ መንገድ አንሄድም ብለን ገዋኔ ተመልሰን አደርን።

እኛ ስንተኛ ዳጉው አልተኛም። በእግርም፣ በሚኒባስም፣ በስልክም እየተቀባበለ አዋሽ ቀድሞን ገባ። የገባው ደግሞ ልክ እኔ እንደተናገርኩት ነበር፤ "ባሏ የሞተባት አስተማሪ ሰፊ አግዳሚ ይዛ እየመጣች ነው፤ ማን እንደሚቀመጥበት ግን አታውቅም።" ችግሩ ወሬው ዘይነባ ሻይ ቤት ደረሰ። ዘይነባ ጎረቤቴ ናት፣ የወሎ ቦረና ሳይንት ልጅ ናት፣ ክፍት ቦታ ያለው ወሬ አይታ ሳትሞላው አታድርም።

ጠዋት መኪናው ከደጄ ሲቆም ሰፈሩ በእልልታ ተቀበለን። ዘይነባ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ፊት ለፊት ቆማለች።

"ማሻአላህ! ማሻአላህ! ሙሽራው ይውረድ!"

ተክሌ ግራ ቀኙን አየ። ሙሽራው እሱ መሆኑን ሲረዳ ክርስቲያኑ ልጅ በድንጋጤ ሁለት እጁን አንስቶ "ወላሂ አላገባኋትም!" አለ። "ባለትዳር ነኝ! እናቴ ልትሆን የምትችል ሴት ናት!"

"የመጨረሻውን ባትጨምርም ይገባን ነበር" አልኩት።

ዘይነባ ዓይኗን ከተክሌ ወደ አግዳሚው፣ ከአግዳሚው ወደ እኔ አመላለሰች። "እና አልተጋባችሁም? ታዲያ ይሄን አልጋ የሚያህል ነገር ለምን ተሸከምሽው አንቺ? እልልታዬንስ ማን ይመልስልኛል?"

"ለሚቀጥለው አስቀምጪው" አልኳት። እየሳቀች ወንዶቹን ጠርታ አግዳሚውን አስገባችልኝ። በስተቀኝ በኩል ፍየል የጋጠችው ቦታ አለ፤ ወደ ግድግዳው አዞርነው። ሁሉም ሥራ ነበረውና ወጣ። እኔም አንዱ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። በሌላው ጫፍ ማንም የለም። ብቻውን ለተቀመጠ ሰው ሰፊ ወንበር ከጠባብ የባሰ ነው። ተነስቼ ምሳዬን መስኮቱ ጋ በላሁ።

እንዲህ እንዳለ አረፋ ደረሰ። ከሶላት መልስ ሥጋውን ጣድኩ፣ አግዳሚው ላይ ብርድ ልብስ አነጠፍኩ፣ ጠበቅኩ። ሀያት መንገድ ላይ ናት። ልትፈርድ የምትመጣው ልጄ አንድ አግዳሚና አንዲት ቋሚ እናት ልታገኝ ነው። ሻንጣዬ የት እንዳለ ማሰብ ጀምሬ ነበር።

በሩ ተንኳኳ። ሁመድ ናቸው። ለበዓል ፍየል ሊሸጡ አዋሽ መጥተው ኖሯል፤ ሚስታቸውን፣ ወንድማቸውንና ጥቂት ዘመዶቻቸውን አስከትለዋል።

"አስተማሪ፣ አንቺ የሰጠሽኝ ወሬ ጎዶሎ ነው" አሉ በወቀሳ። "ማን ይቀመጥበታል ስልሽ አላውቅም አልሽ። እኔም እንዲያው ተናገርኩ። አሁን የደረስኩበት ሰው ሁሉ 'እና ማን ተቀመጠ?' ይለኛል። ዓይኔ ሳያይ አልናገር። መጣሁ።"

"ግቡ፣ ግቡ!" አልኳቸው። "ተቀመጡ!"

ያቺን ቃል ስንት ጊዜ ለክፍል ሙሉ ልጅ እንደጮህኳት! እንደዚያ ቀን ግን ጣፍጣኝ አታውቅም። ተቀመጡ። ሴቶቹ ሰሌናቸውን ይዘው መጥተው ኖሮ ወለሉ ላይ ዘረጉ። ብዙም ሳይቆይ ወሬውን ገዋኔ ላይ የሰማ ሌላ ሰው ለማጣራት መጣ። ከዚያ ሌላ ለማጣራት መጣ። ዘይነባ ደግሞ ቤቴ የገባውን ሰው ብዛት አይታ "ያለ እኔ ሠርግ!" ብላ የሰፈሩን ሴት ሰብስባ ደረሰች። ሥጋው አለቀ፤ ከሷ ቤት መጣ። አግዳሚው ላይ ስንት ሰው እንዳለ አላወቅሁም፣ ቁና ቁና ይተነፍስ ነበር፣ ግን አልተሰበረም። ቀስ ብሎ የሚስቅ ሰው የለም። እኔ ለራሴ ቦታ አጥቼ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ በመቆሜ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ሀያት የመጣችው በዚህ መሀል ነው። ቦርሳዋን እንደያዘች የበሩ መድረክ ላይ ቆመች። አግዳሚውን ፈለገች፤ በሰው ተሸፍኗል። ወለሉን አየች፤ እግር ማሳረፊያ የለውም። እኔን አየችኝ።

"እማ" አለች በመጨረሻ ቀስ ብላ፣ "የት ልቀመጥ?"

ሁመድ ግን ዱላቸውን ጉልበታቸው መሀል አቁመው ቀደሙኝ።

"ከሰመራ የምትመጪው ልጅ አንቺ ነሽ?"

"አዎ አባቴ።"

"ምን ወሬ ይዘሽ መጣሽ?"

ሀያት አፋር ውስጥ ያደገች ናት፤ ዳጉ ላይ እንደማይዋሽ ታውቃለች። የቤቱን ሰው አንድ በአንድ አየች፣ ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ፣ ከንፈሯ ግን ሳቅ አምልጦት ነበር።

"እናቴን ልወስዳት መጥቼ ነበር" አለች።

"አሁንስ?"

"አሁንማ… እኔ ራሴ መቀመጫ አጣሁ።"

ሁመድ ይህን ሰምተው በእርካታ ተነሱ። ሚስታቸው "ሥጋው ገና እየመጣ ነው፣ የት ነው?" ብትላቸው፣ ወሬው ሞልቷል፣ ገበያው ሳይበተን ማድረስ አለብኝ ብለው በሰው መሀል እየተሻገሩ ወጡ። ሁሉም አንድ ጊዜ ጠጋ ጠጋ አለ፤ ልጄም ቦርሳዋን በር ላይ ጥላ እሳቸው የለቀቁት ቦታ ላይ ተቀመጠች።